ለተጠቃሚ የሚመች የመድኃኒት ማዘዣ መከታተያ ሶፍትዌር አነዳደፍ፦ ድሬዳዋ ለምትሠሩ ባለሙያዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ለመድኃኒት ቤቶችና ለጤና ጣቢያዎች ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የማዘዣ መከታተያ ልሠራ ነው፤ ከምን ልጀምር?» አብዛኞቹ ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋና ስለ ዳታቤዝ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ያ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ከፊቷ ረጅም ሰልፍ የቆመባት ፋርማሲስት ፕሮግራሙን ትታ ወደ መዝገብ ደብተሯ እንዳትመለስ ማድረግ ነው። ግማሹ ማዘዣ በደብተር፣ ግማሹ በኮምፒውተር ከተመዘገበ፣ አንድ ሰው ሱስ ሊያስይዝ የሚችለውን ዲያዜፓም ከሁለት ሐኪም ማሳዘዙን ማንም ሊያይ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን የንድፍ ውሳኔ በአንድ ጥያቄ መዝኑት፦ ይህ ነገር ከደብተሩ ይፈጥናል ወይስ አይፈጥንም?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከጤና ተቋሙ ኃላፊ የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድ። ያለ እሱ መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት አጠገብ መቆምም ሆነ ማዘዣ ማየት አይገባም።
- ሠላሳ ያህል ያገለገሉ ማዘዣዎች ፎቶ ኮፒ፤ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ ተሸፍኖ።
- ብሔራዊው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ እንዲሁም ተቋሙ መደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጣቸው መድኃኒቶች ዝርዝር።
- ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ።
- አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ። በእናንተ አዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚፈጥን ነገር በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ሊጎተት ይችላል።
- ራውተርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)።
- ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯችሁ የሚሠራ ፋርማሲስት። የመድኃኒት ደንቦቹን የሚወስነው እሱ ወይም እሷ እንጂ ፕሮግራም ጸሐፊው አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉ የናርኮቲክ መድኃኒቶች፣ እንደ ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ያሉ የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችም የሚታዘዙት በየራሳቸው ልዩ የማዘዣ ወረቀት ነው። ሶፍትዌራችሁ ያንን ወረቀት አይተካም። የወረቀቱ ተከታታይ ቁጥር የሚገባበት ቦታ አዘጋጁ፤ ቁጥሩ ካልገባ መድኃኒቱ እንደተሰጠ ተደርጎ እንዳይመዘገብ አድርጉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የግል መረጃ ነው፤ ለሙከራ እንኳን የእውነተኛ ታካሚ ስም ወደ ላፕቶፓችሁ አታስገቡ።

ደረጃ 1፦ መስኮቱ ዘንድ ቁሙ

ሰልፉ በሚበዛበት ሰዓት ሂዱ። ድሬዳዋ ላይ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ ጉዳዩን መጨረስ ስለሚፈልግ ጠዋቱ ይጨናነቃል፤ በጸጥታው ሰዓት ብቻ ያያችሁት ሥራ እውነተኛውን አያሳያችሁም። ማዘዣው ከእጅ ከገባበት እስከ ተሰጠበት ያለውን ጊዜ ለኩ። ፋርማሲስቷ ስንት ጊዜ እንደምትቋረጥ፣ ወደ መደርደሪያው ስትዞር ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ ከዓይኗ እንደሚርቅ መዝግቡ።

ከሁሉ በላይ የደብተሩን ዳር አንብቡ። «10 ፍሬ ቀሪ፣ ሐሙስ ይወስዳሉ»፣ «ልጃቸው ወሰደች»፣ «ሐኪሙ በስልክ ቀየሩት» የሚሉ ጽሑፎች ታገኛላችሁ። መዝገቡ ቦታ ያልሰጣቸው፣ ሥራው ግን የሚፈልጋቸው መረጃዎች እነዚህ ናቸው። ፕሮግራማችሁ ለእነዚህ ቦታ ከሌለው ደብተሩ ከመስኮቱ አይነሣም።

ደረጃ 2፦ በወረቀት ሳሉ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ስክሪኑን በእርሳስ ሳሉና ለፋርማሲስቷ ስጧት። በጣቷ እየነካች «አሞክሲሲሊን ስጪ» የሚለውን ሥራ ትጨርስ፤ እናንተ ወረቀቱን እየቀየራችሁ ኮምፒውተሩን ተኩ። የተለመደው ማዘዣ በአንድ ስክሪን ማለቅ አለበት፦ ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ ማረጋገጫ። ወረቀት በላጲስ ይታረማል፤ ሰዎችም በወረቀት ላይ ያለን ሥዕል ሳይፈሩ ይተቻሉ፤ ያለቀ የሚመስል ነገር ላይ ግን ይሉኝታ ይይዛቸዋል።

ደረጃ 3፦ ታካሚውን በትክክል አግኙ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ፤ ክትትል የሚፈርሰው እዚህ ነው።

«እናቴ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ትላለች ፋርማሲስቷ። የሰማችውን እንዴት ትጽፈው? ሙሐመድ የሚለው ስም በአንዱ ካርድ መሐመድ፣ በሌላው ሙሀመድ፣ በሦስተኛው ሞሐመድ ወይም መሃመድ ተብሎ ይጻፋል። ኃይሉም ሀይሉም ሐይሉም አሉ፤ ፀሐይም ጸሀይም። ፊደል በፊደል የሚያመሳስል ፍለጋ «አልተገኘም» ይላል፤ ፋርማሲስቷ አዲስ መዝገብ ትከፍታለች፤ አንዱ ታካሚ ሁለት ሰው ይሆናል።

መፍትሔው በሁለት እርከን ነው። መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላትን ለፍለጋ ብቻ አንድ አድርጉ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ቤት፤ ሰና ሠ አንድ ቤት፤ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ቀጥሎ አናባቢውን ጣሉ። በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥ እያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ተከታታይ ቦታ ስለሚይዝ፣ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍላችሁ ቀሪውን ብትተዉ ተነባቢው ብቻ ይቀራል። እንደ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ያሉት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻ ወደ ቤታቸው መልሷቸው። እንዲህ ሲሆን ሙሐመድም መሃመድም ሞሐመድም «መ-ሀ-መ-ደ» ይሆናሉ፤ ሁሉም ይገኛሉ።

ጥንቃቄ፦ በዚህ መንገድ ሐሰንና ሁሴን ሁለቱም «ሀ-ሰ-ነ» ይሆናሉ። ስለዚህ ፍለጋው ዝርዝር ያቅርብ እንጂ በራሱ ሰው አይምረጥ፤ የተገኘው አንድ ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና መጨረሻ የመጡበት ቀን ይታይ። ፋርማሲስቷ ከስም በተጨማሪ አንድ ሌላ መለያ ጠይቃ ካመሳሰለች በኋላ ትምረጥ።

ሦስት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ከውጭ ናሙና አትቅዱ። ሁለተኛ፣ በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስሞች መካከላቸው ላይ ሁዻ የሚባለው ምልክት (') ሊኖራቸው ይችላል፤ ፕሮግራሙ ያንን «የማይፈቀድ ምልክት» ብሎ እንዳይመልስ። ሦስተኛ፣ የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ ነውና ዕድሜን በግምት መመዝገብ ይቻል፤ «ግምት» የሚል ምልክትም ይኑረው። የሕፃናት መጠን ግን በክብደት ስለሚሰላ ለልጆች የኪሎ ሳጥኑን ባዶ ማለፍ አይፈቀድ። ፓራሲታሞል ለልጅ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ ኪሎው ካልታወቀ ፕሮግራሙ የሚያመሳክረው ነገር የለውም።

ደረጃ 4፦ የመድኃኒት ስምና መጠን አስገቡ

መድኃኒቱ በመጠሪያ (ጀነሪክ) ስሙ ይመዝገብ፤ የንግድ ስሙ ለፍለጋ ብቻ ያገልግል። በሁለት የንግድ ስም የመጣ አንድ መድኃኒት ሁለት ሆኖ ከተመዘገበ ታካሚው በእጥፍ ሲወስድ ፕሮግራሙ ዝም ይላል።

- ሦስት ፊደል ሲጻፍ ዝርዝሩ ይምጣ፤ በተቋሙ ዘወትር የሚታዘዙት ከላይ ይሁኑ።
- ተመሳሳይ ስሞች አንዱ ከሌላው ሥር ተጣብቀው አይቀመጡ። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ደግሞ የአለርጂ። ከስሙ ጎን የሚያገለግልበትን በሁለት ቃል ጻፉ።
- ቁጥር ሲታይ ከነጥብ በፊት ዜሮ ይኑር፣ ከነጥብ በኋላ ትርፍ ዜሮ አይኑር። «.5» ነጥቡ ካልታየ 5 ይሆናል፤ «5.0» ደግሞ 50። ትክክለኛው «0.5» እና «5» ነው።
- «ማይክሮግራም» በሙሉ ይጻፍ። ምህጻረ ቃሉ ከሚሊግራም ጋር ከተምታታ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው።
- የሚወሰድበት ድግግሞሽ በዝርዝር ይመረጥ። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ ለእሱ «በየቀኑ» የሚለው ቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቅ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ አደጋ ሆኗል።

ደረጃ 5፦ ቀንና ሰዓትን አስተካክሉ

ዳታቤዙ ውስጥ ቀን በአንድ መንገድ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ በስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም ይታዩ። የሚያበቃበት ቀን «08/2026» የሚል መድኃኒት እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ያገለግላል። አንድ ቁጥር ብቻ ካሳያችሁና የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፋችሁ፣ ጊዜው ያላለፈ መድኃኒት ሊጣል፣ ያለፈበትም ሊሰጥ ይችላል። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት ማብቂያ (ታኅሣሥ 21 ወይም 22) ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑንና ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን የሚያውቅ የተፈተነ ማስሊያ ተጠቀሙ፤ በግምት ዓመት አትቀንሱ።

ሰዓት ከዚህም ይብሳል። ፓኬቱ ላይ «በየ8 ሰዓቱ አንድ ፍሬ» ብላችሁ ካተማችሁ፣ በ8 ሰዓት ማለትም ከምሳ በኋላ ብቻ የሚወስድ ታካሚ ይኖራል። ፕሮግራሙ ሰዓቱን ዘርዝሮ ያትም፦ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት»።

በረመዳን ወር ደግሞ ብዙ ታካሚዎች የሚውጡት በማፍጠሪያና በሱሑር ብቻ ነው። ፋርማሲስቷ «ይጾማሉ» የሚለውን ስትነካ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዙ መድኃኒቶች ይጠቆሙና ሐኪሙን እንድታማክር ይንገራት። የስኳር በሽታ መድኃኒቶቹ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላሚድ በጾም የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርዱ ስለሚችሉ በተለይ ይታዩ። ፕሮግራሙ ግን መጠኑን በራሱ አይቀይር፤ ያ የሐኪሙ ሥልጣን ነው።

ደረጃ 6፦ ማስጠንቀቂያውን ቆጥቡ

በየማዘዣው የሚጮህ ፕሮግራም ቶሎ ይለመዳል፤ እጅ ሳያነብ «እሺ»ን መንካት ይማራል። ከዚያ በኋላ ሕይወት የሚያድነው ማስጠንቀቂያም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በሦስት ከፍሏቸው፦

1. ሥራውን የሚያቆም። የተመዘገበ የፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ሰው አሞክሲሲሊን ሲታዘዝ፣ የቀን መጠኑ ከጣሪያው ሲያልፍ (ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም በላይ)፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ከሁለት ሐኪም ሲታዘዝ። ለማለፍ ምክንያት መምረጥ ግዴታ ይሁን።
2. ከጎን የሚታይ፣ የማያቆም። የቲቢ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን ለሚወስዱ ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ሲታዘዝ መዳከሙን ማስታወስ። የሚታይ ብቻ ይሁን፤ ፋርማሲስቷ ምክር ትስጥበት።
3. የማይታይ፣ የሚመዘገብ ብቻ። የተቀረው ሁሉ።

የትኛው መድኃኒት የትኛው ክፍል ውስጥ ይግባ የሚለውን አብሯችሁ የሚሠራው ፋርማሲስት ይወስን።

የጽሑፉን አቀራረብ ተመልከቱ። ይህ አይጠቅምም፦ «ስህተት 409፤ የመድኃኒት ግጭት ተገኝቷል። ይሰረዝ?» ከሥሩም «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች። የትኛው ማዘዣውን እንደሚሰርዝ፣ የትኛው መሰረዙን እንደሚተው ማን ያውቃል? ይህ ግን ይጠቅማል፦ «ታካሚዋ የፔኒሲሊን አለርጂ አለባቸው፤ ኅዳር 12 ተመዝግቧል። አሞክሲሲሊን ከዚያው ወገን ነው።» ቁልፎቹም «ለሐኪሙ እደውላለሁ» እና «ማዘዣውን እመልሳለሁ» ይሁኑ። ምን እንደተገኘ፣ ከየት እንደታወቀ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ በአንድ እይታ ይነበባል።

ያለ ጊዜው የመጣን ታካሚ በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቀን አንድ የሚወሰድ 30 ፍሬ የወሰደ ሰው በ18ኛው ቀን ከተመለሰ 12 ፍሬ በእጁ ሊኖር ይገባል። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር ያሳይ፤ «አላግባብ ተጠቃሚ» የሚል ቃል ግን ስክሪኑ ላይ አይውጣ። ሰውየው ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ጠፍቶበት ይሆናል፤ ሐኪሙ መጠኑን ጨምሮለትም ይሆናል። ስክሪኑን ታካሚው ራሱ በመስታወቱ በኩል ሊያየው እንደሚችልም አትዘንጉ።

ደረጃ 7፦ መብራትና ኢንተርኔት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ሥሩ

መረጃው መጀመሪያ በተቋሙ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ ኢንተርኔት ሲመጣ ወደ ማዕከል ይላክ። እያንዳንዱ መስመር እንደተጻፈ ራሱ ይቀመጥ፤ «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ መጠበቅ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ማጣት ነው። ከዚራ ያለው መድኃኒት ቤትና ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ያለው በስምምነት ከተገናኙ፣ ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜ የሌላው መረጃ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሆነ ስክሪኑ በግልጽ ይናገር። የትናንትን መረጃ የዛሬ አስመስሎ ማሳየት ምንም ካለማሳየት ይከፋል።

ደረጃ 8፦ ፊደሉን አጉሉ

የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ዝርዝር አለው፤ ጸና ጻ፣ ሙና ሞ በትንሽ መጠን ይመሳሰላሉ። ከ18 ፒክስል በታች አትውረዱ፤ በትንሽ መጠን የተወፈረ ፊደል ክፍተቱ ስለሚደፈን ለርዕስ ብቻ ተጠቀሙበት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኝ ንጹሕ ፊደል ነው፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጫን። አደጋን በቀይ ቀለም ብቻ አትንገሩ፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው አለ፤ ቃልና ምልክት ጨምሩ። መስኮቱ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ስክሪኑን እዚያው ብርሃን ላይ አንብቡት።

ደረጃ 9፦ ታካሚው ይዞት የሚሄደው

የመድኃኒት ፓኬት ጽሑፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ መታተም ይችል፤ ሐረር ላይ ሐረሪም ይጨመር። ለማያነብ ሰው የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ከፍሬ ቁጥር ጋር ይታተም፤ ሥዕሉን ግን መጀመሪያ ለታካሚዎች አሳይታችሁ «ይህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የማስታወሻ አጭር መልእክት የምትልኩ ከሆነ በአማርኛ አንዱ መልእክት የሚይዘው 160 ሳይሆን 70 ሆሄ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በሁለት መልእክት ዋጋ ይቆጠራል። የመድኃኒቱን ስም ፈጽሞ አትጻፉ፤ ስልክ በቤተሰብ መካከል ይዞራል። «መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ቀን ረቡዕ ነው። ካርድዎን ይያዙ።» ይበቃል።

ደረጃ 10፦ ማን ምን እንደሠራ ይታወቅ

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አጭር የምስጢር ቁጥር ስጡ። መግቢያው ረጅም ከሆነ ሁሉም በአንድ ሰው ስም ከፍተው ይውላሉ፤ ያኔ የሞርፊን ጉድለት ሲገኝ ተጠያቂው አይታወቅም። ስክሪኑ ሲቆለፍ በጅምር ያለው ማዘዣ አይጥፋ። የተመዘገበ ነገር አይጥፋ፤ ሲታረም በላዩ ላይ ይሰመርበትና ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመው ይታይ።

ደረጃ 11፦ ፈትኑ

አምስት ሰው ይበቃል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ሰው አይሁን። ለዓመታት በደብተር የሠራችዋን፣ አዲስ ተመራቂውን፣ የማታ ተረኛውን አካትቱ። በሠላሳዎቹ ማዘዣዎች ሥራ ስጧቸውና ዝም በሉ። «እዚህ ንኪ» ባላችሁበት ቅጽበት ፈተናው አብቅቷል። በደረጃ 1 ከለካችሁት የደብተር ጊዜ ጋር አወዳድሩ። ፕሮግራሙ ከዘገየ ሥልጠና አትጨምሩ፤ ስክሪን ቀንሱ።

ደረጃ 12፦ ሥራ ላይ አውሉ

በአንድ መስኮት ጀምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደብተሩ አብሮ ይሂድ፤ በየቀኑ መጨረሻ ሁለቱን አስተያዩ። በየሳምንቱ ደግሞ የታለፉ ማስጠንቀቂያዎችን ዝርዝር አውጡ። አንዱ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ የሚታለፍ ከሆነ ከፋርማሲስቱ ጋር ሆናችሁ አውርዱት ወይም አስተካክሉት።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ኃላፊው ብቻ የሚያያቸው ሪፖርቶች ቀድመው መሠራታቸው። ስክሪኑ በግራፍ ይሞላል፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሥራ ይዘገያል። ሪፖርት የሚወጣው ከተመዘገበው ነውና መመዝገቢያው ይቅደም።
- ሁሉንም ሳጥን ግዴታ ማድረግ። ስልክ የሌላቸው እናት ሲመጡ ፋርማሲስቷ የራሷን ስልክ ወይም አሥር ዜሮ ትሞላለች። የተሳሳተ መረጃ ከባዶ ሳጥን የከፋ ነው።
- ማውስ ብቻ የሚቀበል ስክሪን። አንድ እጇ ፓኬት ይዟል። ከፍለጋ እስከ ማረጋገጫ ያለው ሁሉ በኪቦርድ ብቻ ማለቅ መቻል አለበት።
- ቀሪ መድኃኒትን መርሳት። ከታዘዘው 30 ፍሬ 20 ብቻ ሲኖር ፕሮግራሙ «ተሰጥቷል» እና «አልተሰጠም» ብቻ ካለው፣ 10ሩ ፍሬ እንደገና ደብተር ዳር ላይ ይጻፋል፤ ያለ ጊዜው የመጣ ታካሚ ስሌትም ይዛባል። «በከፊል ተሰጥቷል» የሚለውን ከመጀመሪያው አስገቡ፤ ታካሚው ለቀሪው ሲመለስ ስሙ እንደተከፈተ ከላይ ይታይ።